የተከፈተውን በር ስለሚያንኳኳው ሰው

የካቲት 12

ታንጉት ትናንት በወጣቶች ማዕከል አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት፣ አዋረደችኝ። የተደረገብኝ ይህ ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ነገ ጾም ይገባል። ቂም ይዞ መጾም እንደማይገባ አውቃለሁ። ስለዚህ ቂም አልያዝኩም፤ የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ።

የፍኖተ ሰላም ወጣቶች የኪነ ጥበብ ዝግጅት አድርገው ነበር። «ነጎድጓድ» የሚባለው የሮክ ባንድ ተጫወተ። ከዘፈኖቹ መካከል «ግባ» የሚለውን ቆሜ እንድተረጉም እኔን ጋበዙ። ያለ ምክንያት አልጋበዙኝም። በዚህ ከተማ የሮክ ግጥም ከልቡ የሚያዳምጥ ሽማግሌ ከእኔ በቀር የለም። ሌሎቹ ጆሯቸውን ይዘው ያልፋሉ። እኔ ዕድሜዬን ቡሬ ላይ ወፍጮ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ጩኸት አያስበረግገኝም። ከጩኸቱ ሥር ያለውን ቃል እሰማለሁ።

ግጥሙ ይህ ነው፦

በሬን ከፍቼ ተውኩት፤
ነፋስ ገባ፣ ውሻ ገባ፣
ዝናብ ሳይቀር ገብቶ ወጣ።
አንተ ብቻ ደጅ ቆመህ
የተከፈተ ታንኳኳለህ።
ግባ! ግባ! ግባ በቃ!

እኔም ተነሥቼ ፈታሁት። በሩ ኅሊና ነው፤ ነፋሱ ወሬ፣ ውሻው ምኞት፣ ዝናቡ ጸጋ ነው አልኩ። አንድም በሩ ዕውቀት ነው፤ ደጅ የቆመው ሰው ደግሞ ዲፕሎማውን ይዞ ዕውቀት ፊት የሚገተር፣ በሩ ክፍት መሆኑን ማየት የተሳነው ምሁር ነው አልኩ። አንድም ብዬ ግሽ ዓባይ ደረስኩ፤ ምንጩ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ እግሩን ሳያርስ ስለሚመለሰው ምእመን ተናገርኩ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበር።

በዚህ መካከል ከኋላ፣ ከሞንታርቦው አጠገብ፣ ታንጉት ብድግ አለች። ሞንታርቦ፣ ድንኳንና ወንበር ለሰርግና ለለቅሶ የምታከራይ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባንዱ የሚለማመደው ከሱቋ ጓሮ ነው፤ ጊታር የሚመታው ይታገሱ የእህቷ ልጅ ነው።

«አያ ቢሆነኝ፣ ይቅርታዎን። ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ያሉት አንዱም የለበትም። ስለ አንድ ሰው ነው» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ተቀመጥኩ። ስለ አንድ ሰው! ዓባይን የሚያህል ነገር አውጥቼላት፣ ስለ አንድ ሰው!

የካቲት 16

በዚህ ሳምንት ወደ ታንጉት ሱቅ አልሄድኩም። ትቅመሰው።

ከቤቴ ሆኜ ከበሮው ይሰማኛል፤ ቃሉ አይሰማም። ቃል የሌለው ከበሮ ምን ያደርጋል? ሳዳምጥ ሽሮው አረረ።

የካቲት 19

ይህን ነገር ከሥሩ ማስረዳት አለብኝ፤ ሌላ የሚያስረዳ የለምና።

እኔ ቅኔ ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ወፍጮ ቤታችን ከቅኔ መምህሩ ጎጆ አጥር ለአጥር ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ዱቄቴን ሳላራግፍ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነው የሰማሁት። መምህሩ አንድ ቀን አይተውኝ «ምነው አትገባም?» አሉኝ። «ሥራ አለብኝ» አልኳቸው። በሚቀጥለውም ቀን ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ከውጭ የቆመ ሰው አጥርቶ ይሰማል፤ ውስጥ ያሉት ይንጫጫሉ።

ያን ጊዜ የያዝኩት ትምህርት ይህ ነው። ሊቃውንቱ አንድ ቃል ሲፈቱ አንድ ትርጉም ሰጥተው አይቆሙም፤ «አንድም» ብለው ሁለተኛ፣ «አንድም» ብለው ሦስተኛ ያመጣሉ። ባለ ግጥሙን ማንም አይጠይቀውም። ባለ ግጥሙ ምን ያውቃል? ጤፉን ያመረተው ገበሬ ነው ተብሎ ዱቄቱ እንዴት እንደሚደቅ ገበሬው ይጠየቃል?

ስለዚህ ታንጉት ግጥሙን ብትጽፈውም ትርጉሙ የእሷ አይደለም። ስለ አንድ ሰው ነው ማለቷ ስህተት ነው። በተናገረችበት በሕዝብ ፊት ማረም አለባት።

የካቲት 22

ዛሬ ሄድኩ። የሄድኩት ቃሉን ዳግመኛ ለማጣራት ብቻ ነው።

ላለፉት ዓመታት ከቀትር በኋላ እዚያ እየሄድኩ ስለ ጩኸቱ አቤቱታ ሳቀርብ ኖሬአለሁ። ልምምዳቸው እስኪያልቅ ደጃፉ ላይ እቆማለሁ። አቤቱታ በአንድ ቀን አያልቅም። ሲጨርሱ እመለሳለሁ። ገብቼ አላውቅም፤ የሚጮህበት ቤት አልገባም።

ታንጉት የድንኳን ሸራ ስትጠቀልል ነበር። ቀና ብላ አየችኝና፦

«አያ ቢሆነኝ፣ ታመው ነበር?» አለች።

«አልታመምኩም።»

«ጠፉብንኮ። ልጆቹ ልምምዱ አልሳካ አላቸው፤ ቆሞ የሚቆጣቸው አጡ።»

ይታገሱ ከውስጥ ሆኖ «ፋዘር! ያለ እርስዎ ድምፁ ራሱ አይወጣም! ይመችዎት!» ብሎ ጮኸ። ፋዘር አይደለሁም፤ አያ ነኝ። ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

«ታንጉት» አልኳት፣ «በሕዝብ ፊት የተናገርሽውን ታርሚያለሽ ወይስ አታርሚም?»

«ምኑን ላርመው? እውነቴን ነውኮ።»

«ያ አንድ ሰው ያልሽው ማነው?»

ሸራውን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ «ይግቡና እነግርዎታለሁ» አለች።

«እዚሁ ሆኜ ይሰማኛል።»

«እንግዲያው ይፈልጉት» አለችና ወደ ሸራዋ ተመለሰች። ያፌዘች መሰለኝ። ይታገሱ ጊታሩ ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሙዚቃው ይሆናል።

የካቲት 27

ሰውየውን መፈለግ ጀምሬአለሁ። ትርጉሜን ልለውጥ አይደለም፤ የእሷን ስህተት ከነማስረጃው ለማሳየት ነው።

ከዱርቤቴ የሚመጣ የከብት ነጋዴ አለ፤ ለልጁ ሰርግ ድንኳን ተከራይቷል። ነገር ግን እሱ ሲመጣ ሳያንኳኳ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ግጥሙ አይስማማውም።

ሁለተኛው ያረጋል የሚባለው የስፖርት መምህር ነው። ያላገባ፣ የቆዳ ጃኬት የሚለብስ፣ ሽቱ የሚርከፈከፍ ሰው ነው። ዛሬ ማይክራፎን ሊከራይ መጥቶ «እት ታንጉት፣ እርስዎማ ዕድሜ አይነካዎትም» ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ። እሷም ሳቀች። ሞንታርቦ ለማከራየት ይህን ያህል መሳቅ ያስፈልጋል? ለምን እንደተናደድኩ አላውቅም። ሽቱው ይሆናል፤ በጾም ሽቱ አልወድም።

እሱም ቢሆን ገብቶ ነበር። ደጅ የሚቆም ሰው ፈልጌ አጣሁ። እኔ በቆምኩበት ሁሉ ሌላ የቆመ ሰው የለም።

መጋቢት 2

ዘፈኑ ከተማውን አዳረሰው። ዛሬ መናኸሪያው አጠገብ ሳልፍ ረዳቶቹ «ግባ! ግባ! ግባ በቃ!» አሉ። ሻይ ቤት ደጃፍ ስደርስ እዚያም «ግባ!» አሉ። ሐጂ ኢሳ፣ ጨርቅ ነጋዴው ወዳጄ፣ የተከበረ ሰው ነው፤ እሱም ከሱቁ ሆኖ አንገቱን አስግጎ «ኧረ ግባ በቃ፣ አንተ ሰው!» አለኝ። ገብቼ ሰላም አልኩት። «እኔ ጋ አይደለም» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሰው እኔን ሲያይ ዘፈኑ ትዝ የሚለው ትርጉሙን ስለሰጠሁት ነው። ትርጉሜ ሥር እየሰደደ ነው።

መጋቢት 6

አዲስ ሐሳብ መጣልኝ። በእኛ አገር ሰው ሰውን ሲበድል ፍርድ ቤት መሮጥ አያስፈልግም። ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ ከሄደ ማንም «አልሰማም» አይልም።

መሪጌታ ሀብተሚካኤል ዘንድ ሄድኩ። በዚህ ወረዳ ከእሳቸው የበለጠ ሊቅ የለም። ነገር ግን እዚያ ደርሼ ከፊታቸው ስቀመጥ አንድ ችግር ገጠመኝ። ጾም ነው። መሪጌታ ከቅዳሴ ወጥተው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እኔ በዐቢይ ጾም ስለ ሮክ ዘፈን ልነግራቸው ነው?

«መሪጌታ፣ ታንጉት ዘንድ ሽማግሌ እንዲሆኑልኝ ነው የመጣሁት» አልኩ።

መሪጌታ ቀና አሉ። «ታንጉት? ባለ ሞንታርቦዋ?»

«አዎ።»

«ስለ ምን ጉዳይ ልበል?»

«ጉዳዩን እሷ ታውቀዋለች። ነገሩ ብዙ ጊዜ የቆየ ነው። እኔ መዘርዘር አልወድም። እሺ ትበል እንጂ ሌላ አልፈልግም።»

መሪጌታ ፊታቸው በራ። እጄን ያዙ። «ገብቶኛል፣ አያ ቢሆነኝ። አይዘርዝሩት። እኔስ መቼ ይሆን እያልኩ ነበር» አሉ።

እሳቸውም አዳራሽ የሆነውን ሰምተዋል ማለት ነው። ሊቅ ሰው ሁሉን ይሰማል። ሐጂ ኢሳንና የዕድራችንን ዳኛ ይዘው እሑድ ጠዋት እንደሚሄዱ ነገሩኝ።

«በጾሙ መሆኑ ግን ምንም አይደል?» አልኳቸው።

«ቃሉን መቀበል ምን ገዶ! ሌላው ከፋሲካ በኋላ ነው» አሉ። ሌላው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

መጋቢት 10

ጠዋት ሦስቱ ተሰብስበው ነጫጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ሄዱ። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ይህን ያህል መልበሳቸው አስደሰተኝ።

እስኪመለሱ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ግቢውን ጠረግኩ። የተጠረገውን ደግሜ ጠረግኩ።

ሲመለሱ ሐጂ ኢሳ ከሩቅ ጀምሮ ይስቅ ነበር። መሪጌታ ግን በወጉ ተቀምጠው ተናገሩ።

«ስንደርስ ሸራ ታራግፍ ነበር። ሦስታችንን አይታ ሸራው ከእጇ ወደቀ። አልቀመጥ አልን፤ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም አልን። ነጠላዋን ተከናነበች። 'ማን ላካችሁ?' አለች። 'አያ ቢሆነኝ' አልናት። 'ራሳቸው? በራሳቸው አፍ?' አለች። 'በራሳቸው አፍ፤ ጉዳዩን ታውቀዋለች፣ እሺ ትበለኝ ብለዋል' አልናት።»

«ከዚያስ?»

«ሸራዋን አነሣች። ከዚያ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። 'እስከ ፋሲካ ጊዜ ስጡኝ፤ የእህቴን ልጅም ላማክር' አለች።»

እኔ አልገባኝም። አንድን ስህተት ለማረም እስከ ፋሲካ? ይታገሱስ ምን ያማክራታል? ይህን ስጠይቅ የዕድሩ ዳኛ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አይቸኩሉ፣ ሴት ልጅ ወዲያው እሺ አትልም» አለኝ።

መጋቢት 13

ልጄ ሥርጉት ከቡሬ ደወለች። ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነው፤ ማልቀሷ ይሁን መሳቋ አልለይ አለኝ።

«አባየ፣ እውነት ነው? ሽማግሌ ልከሃል?»

«እውነት ነው። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።»

«ታንጉት ዘንድ?»

«ሌላ ማን አለ?»

«ውይ አባየ! ለምን ለኛ አልነገርከንም? እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻህን ስትሆን እኔም ወንድሞቼም ስንት ጊዜ ተነጋገርን መሰለህ። አፍረን ነው። ደስ ብሎናል። በጣም ደስ ብሎናል።»

«እናትሽ በዚህ ምን አገባት?» አልኳት።

«እንዲህ አትበል። እሷም ደስ ይላታል። ሰርጉ መቼ ነው? ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ከሆነ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ።»

ስልኩ ተቋረጠ። እኔም ተቋረጥኩ።

መጋቢት 14

ጉድ ሆነ።

ጉድ።

ሌላ የምጽፈው የለም።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት

ወደ መሪጌታ ሮጥኩ። በእኔ ዕድሜ መሮጥ ያስነውራል፤ ቢሆንም ሮጥኩ። ሐጂ ኢሳም እዚያ ነበር፤ ረመዳን ዛሬ ገብቶ ከጥላ ሥር ተቀምጧል።

«ሽማግሌ የላክሁት ለጋብቻ አይደለም!» አልኳቸው።

መሪጌታ መቋሚያቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ ለምንድነው?»

እንግዲህ ተናገርኩ። አዳራሹን፣ ዘፈኑን፣ ነፋሱን፣ ውሻውን፣ ግሽ ዓባይን፣ ሁሉን። ሐጂ ኢሳ «አታስቀኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ወላሂ አታስቀኝ» እያለ መሬት ላይ ተንከባለለ። መሪጌታ አልሳቁም። የእሳቸው አለመሳቅ ከሐጂ ሳቅ የባሰ ነበር።

«ተመልሰው ሄደው ስህተት ነው ይበሉልኝ» አልኩ።

«አያ ቢሆነኝ» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው፣ «ሽማግሌ ስለ ሁለት ነገር ነው የሚላከው፤ ለዕርቅ ወይም ለጋብቻ። ለዕርቅ ሲሆን ጥሉ ይነገረናል። እርስዎ ጥል አልነገሩኝም፤ ብዙ ጊዜ የቆየ ነገር ነው፣ እሺ ትበለኝ አሉኝ። እኔ ሌላ ምን ልረዳ? አሁን ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት ደጅ ሽማግሌ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ አይቶ፣ 'ለዘፈን ነበር' ብለን ልንመልሳት ነው? ከዚያ በኋላ በየትኛው ሰርግ ፊቷን አቅንታ ወንበር ታከራያለች?»

ጋቢዬን አጣፋሁት።

«የሚናገር ካለ ራስዎ ይናገሩ» አሉ።

መጋቢት 17

ልነግራት ሄድኩ። ያረጋል ነበር። ተመለስኩ።

መጋቢት 18

ልነግራት ሄድኩ። ልጆቹ «ግባ»ን ይለማመዱ ነበር። ዘፈን ማቋረጥ ነውር ነው። እስኪያልቅ ቆምኩ። ሲያልቅ ሌላ ጀመሩ።

መጋቢት 20

ዛሬ ነገርኳት። ወይም ልነግራት ጀመርኩ።

ልጆቹ አልመጡም ነበር። ሱቁ ጸጥ ብሏል። ጸጥ ያለ ቤት ስለሆነ ገባሁ፤ ካልጮሁ አልገባም የምልበት ምክንያት የለም። ታንጉት ወንበር ሰጠችኝ፤ ለሰርግ የምታከራየውን ባለ ጨርቁን።

«ታንጉት፣ ሽማግሌዎቹ የመጡበት ጉዳይ…» አልኩ።

«ስለ ግጥሙ ነው» አለች።

የወንበሩን ጨርቅ አስተካከልኩ።

«መሪጌታ አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው ያወቅሁት። እርስዎ እንዲህ ያለ ነገር በራስዎ አስበው አይልኩም። ለአንድ ዘፈን ግን ሦስት ሽማግሌ ቀርቶ ታቦት ያስወጣሉ።»

«አውቀሽ ታዲያ ለምን እስከ ፋሲካ አልሽ? ለምን እዚያው አልነገርሻቸውም?»

ሞንታርቦው ላይ ያለውን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ማበስ ጀመረች። ንጹሕ ነበር፤ ቢሆንም አበሰችው።

«ምን ልበላቸው? ሽማግሌ በእግሩ ቤቴ መጥቶ ባዶ እጁን ልመልሰው? ስንት ዓመት ነው በዚህ ደጃፍ የሚቆሙት? ዝናብ ሲዘንብ 'ይግቡ' እላለሁ፣ 'አቤቱታ ላይ ነኝ' ይላሉ። ጽፌ ዘፈን አደረግኩት፣ በሞንታርቦ አስጮህኩት፣ እርስዎ ግሽ ዓባይ ሄዱ! ሌላ ምን ላድርግ?»

ከወንበሩ ተነሥቼ እንደገና ተቀመጥኩ።

«አሁን ነገሩ በእርስዎ እጅ ነው» አለች። «'ለግጥሙ ነበር' ብለው ያስመልሱ፤ እኔ አልቀየምም፣ ሰው ይስቃል፣ ያልፋል። ወይም ዝም ይበሉ። ፋሲካ ድረስ ዝም ካሉ ለሽማግሌዎቹ መልሴን እሰጣለሁ። ግጥሙን ግን አላርምም። ስለ አንድ ሰው ነው።»

ወጣሁ። ደህና ዋይ ማለቴን አላስታውስም።

መጋቢት 21

ሰውየውን አግኝቼዋለሁ። ማን እንደሆነ አልጽፍም። ያረጋል አይደለም።

መጋቢት 27

የኔ ትርጉም ልክ ነው። የሷም… የሷም አንድም ተብሎ ሊገባ ይችላል፤ ከመጨረሻው ላይ። ይህን ለማንም አልነግርም።

ቡሬ ሄጄ ሥርጉትን አየሁ። ልጆቿ «አያታችን ሙሽራ» አሉኝ። ተቆጣሁ። ሥርጉት ሸሚዝ ገዝታልኝ ነበር፤ ቁጣው ሲበርድልኝ ለካሁት። ልክ ነው።

ጸጉሬን ተስተካከልኩ። የበዓል ጊዜ ስለሆነ ነው።

ሚያዝያ 2

ሕማማት። ሰው ሁሉ ይሰግዳል፤ እኔም እሰግዳለሁ። በየስግደቱ መካከል የሽማግሌዎቹ ነገር ይመጣብኛል። አሁን መሪጌታ ዘንድ ሄጄ «ለዘፈን ነበርና ይመልሱልኝ» ማለት እችላለሁ። እውነቱም ይኸው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እውነት የሆነውን ነገር በአፌ ይዤ ዝም ብዬ አላውቅም። ወፍጮ ቤት እያለሁ የመዘነ ሰው በሚዛኑ ከተሳሳተ ባለ ሥልጣንም ቢሆን ነግሬዋለሁ።

ተነሥቼ እስከ መሪጌታ ግቢ ሄድኩ። ስግደት ላይ ነበሩ። እኔም አጠገባቸው ሰገድኩ፤ አብረን ጨረስን። «አያ ቢሆነኝ፣ የሚሉኝ አለ?» አሉ።

«ጉልበቴ ደከመ» አልኳቸው። ይህም እውነት ነው።

ሚያዝያ 9

የፋሲካ ማግስት። ሽማግሌዎቹ ጠዋት ሊሄዱ ሲነሡ እኔ ዘንድ ጎራ አሉ። ሐጂ ኢሳ ጾም ላይ ነው፤ እኛ ዶሮ ስንበላ እሱ ሽታውን ብቻ ታግሦ ተቀምጧል፤ ለወዳጅነት ሲል።

መሪጌታ በወጉ ጠየቁኝ። «አያ ቢሆነኝ፣ መልስ ልንቀበል እየሄድን ነው። ቀደም ብለው በነገሩን ነገር፣ በዘፈኑ ነገር፣ የሚጨመር ወይም የሚቀነስ ካለ አሁን ይናገሩ።»

ሦስቱም አዩኝ። ሐጂ ኢሳ ሳቁን ለመያዝ ጋቢውን ነከሰ።

«ምን ዘፈን?» አልኩ።

መሪጌታ ያን ጊዜ ሳቁ። ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ያልሳቁትን አንድ ላይ ሳቁ። ከዚያ ሄዱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። እሺ ብላለች። ልምምዱ ግን አይቆምም ብላለች፤ ይህንን እኔም አልጠየቅኩም።

እንግዲህ ይህን ጉዳይ እዚህ ላይ ዘጋሁት። ልጆቼ፣ ወዳጆቼ፣ የከተማው ሰው፣ ራሷም ታንጉት ብትሆን፣ ያን እሑድ ሽማግሌ ለምን ላክህ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ወንድ ልጅ ሽማግሌ ለሚልክበት ጉዳይ ልኬ ነው። ከዚህ ውጭ ያለውን ከአፌ የሚያወጣ አይገኝም። እኔም አላወጣም። ቢያስምሉኝም ቢለምኑኝም፣ በሕይወቴም ሆነ በሞት አፋፍ፣ አንዲት ቃል አልናገርም።